ስማቸውን ያልተናገሩት ሴቶችና ሱኩማር ሴን

ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ለመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮች መዝገብ ሲዘጋጅ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት መዝጋቢዎች በብዙ የሰሜን ሕንድ መንደሮች አንድ ዓይነት መልስ ይገጥማቸው ነበር። በሩን የከፈተችው ሴት ስሟን ስትጠየቅ «የእገሌ ሚስት ነኝ» ወይም «የእገሌ እናት ነኝ» ትላለች፤ የራሷን ስም ለማታውቀው ወንድ መናገር በአገሩ ልማድ ነውር ነው። መዝጋቢውም የነገረችውን ጽፎ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። መዝገቡ ተሰብስቦ ሲመረመር ብዙ ሴቶች የራሳቸው ስም ሳይኖራቸው፣ በባልና በልጅ ስም ብቻ ተመዝግበው ተገኙ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዋና ምርጫ ኮሚሽነር ሱኩማር ሴን በዚህ አልተስማሙም፤ መዝገቡ እንዲታረም፣ የራሷን ስም ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነች ሴትም ከመዝገቡ እንድትወጣ አዘዙ። በመጨረሻ ከ80 ሚሊዮን ገደማ ሴት መራጮች ውስጥ 2.8 ሚሊዮን ያህሉ በዚህ ምክንያት ተሰረዙ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ተቆጥቻለሁ። ሴቲቱ ድምፅ የመስጠት መብቷን ያገኘችው ገና ትናንት ነው፤ ያንን መብት ደግሞ ልማዷን ባልተወች በሚል ምክንያት የሚወስድባት አንድ ወንድ ሹም መሆኑ አሳዘነኝ። ቁጣዬ እስኪበርድ ዓመታት ወስዷል፤ ያበረደውም መጽሐፍ ሳይሆን የራሴ ሥራ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግያለሁ፤ አብዛኛውን ያሳለፍሁት በመዝገብ ቤት ነው። ዛሬ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ አገር ሲመሠረት የሚያዋጣው ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ መልሴን የምጀምረው ከዚሁ ከተቆጣሁበት ትእዛዝ ነው።

ሴን በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በለንደን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የሒሳብ ሰው ነበሩ፤ በለንደንም በሒሳብ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። በ1921 የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ አባል ሆኑ፤ በቤንጋል አውራጃዎች ሠሩ፣ በዳኝነት አገለገሉ፣ በኋላም የምዕራብ ቤንጋል ዋና ጸሐፊ ለመሆን በቁ። ይህ ሁሉ ዕድገት ግን፣ ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት በቀር፣ የተገኘው በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ነው። የነጻነት ታጋዮቹ እስር ቤት በሚመላለሱበት ዘመን እንደ ሴን ያሉ ሕንዳውያን ሹማምንት ግብር ያስገቡ፣ ችሎት ላይ ይቀመጡ፣ የገዢውን ትእዛዝ ያስፈጽሙ ነበር።

ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም፤ ታጋዮቹም አልሸፋፈኑትም። ነጻነት ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ በጣም አከራካሪ ነበር። በአዲሱ መንግሥት ውስጥ ነባሮቹን ሹማምንት አጥብቀው የተከላከሉት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቫላብባይ ፓቴል ናቸው፤ እኚህም ራሳቸው በእንግሊዞች ደጋግመው የታሰሩ ሰው ነበሩ። በ1949 ኦክቶበር በሕገ መንግሥት ጉባኤው ፊት ቆመው፣ እነዚህን ሰዎች ብታስወግዱ አገሪቱን አንድ አድርጎ የሚይዝ ነገር አይኖራችሁም የሚል ክርክር አቀረቡ፤ የሹማምንቱ የአገልግሎት ዋስትናም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ፓቴል በዚህ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ፓቴል የተማመኑበት ሙያ በራሱ ቀናም ጠማማም ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን የምንረሳ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው ያየነው። መዝገብ አያያዝን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ለገባር መዝገብም ለመራጭ መዝገብም እኩል ይሠራል። ሴን የተለዩብኝ ለቀድሞው ጌታ የተማሩትን ጥንቃቄ፣ ፊርማና ማኅተም ሳይቀር፣ ቀድሞ ግብር ከፋይ ሆኖ ብቻ ይቆጠር ለነበረው ሰው ጥቅም በማዞራቸው ነው።

የመራጮቹ መዝገብ ሥራ የተጀመረው ሴን ከመሾማቸው በፊት ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ የተቋቋመው ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 1950 ሲሆን፣ ሴን የተሾሙት በዚያው ዓመት ማርች ላይ ነው። የሕገ መንግሥት ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ግን በሕገ መንግሥት አማካሪው ቤኔጋል ናርሲንግ ራው መሪነት፣ እሳቸውም ነባር የሲቪል ሰርቪስ ሰው ናቸው፣ ከ1947 መጨረሻ ጀምሮ ለረቂቅ መዝገቡ መመሪያ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ማን ዜጋ ነው የሚለው ገና ተከራክሮ አላለቀም ነበር፤ የመዝገቡ ዝግጅት ግን ተጀምሯል።

የአገሪቱ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ መከፈል ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አፈናቅሎ ስለነበር ቤት ለቤት ለሚዞረው መዝጋቢ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቦበታል። ስደተኛው በመንደሩ ይህን ያህል ጊዜ ኖሯል የሚል ማስረጃ ከየት ያምጣ? ጽሕፈት ቤቱ የሰጠው መልስ፣ ስደተኛው በዚያ ስፍራ በቋሚነት ለመኖር ማሰቡን በቃሉ ካረጋገጠ ይመዝገብ የሚል ነበር። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የዚህን መመሪያ ክብደት ይረዳዋል። ማስረጃ የሌለው ሰው ሲመጣ «አሟልተህ ተመለስ» ማለት የምንወደው መልስ ነው፤ የሚያስጠይቀን ስለሌለ። እነዚያ ጸሐፊዎች ግን፣ ንብረቱንና ወረቀቱን ሁሉ ትቶ ለሸሸ ሰው፣ የራሱን ቃል ማስረጃ አድርገው ተቀበሉ። ይህን ያደረጉት በአንድ አንቀጽ ሰርኩላር ነው።

ሴን ሥራውን ሲረከቡ የጠበቃቸው መጠን ራስ የሚያዞር ነበር። መራጩ ከ170 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከአምስት ሰዎች አራቱ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። መዝገቡን በምርጫ ክልል ለይተው በታይፕ እንዲጽፉ 16,500 ጸሐፊዎች በስድስት ወር ኮንትራት ተቀጠሩ፤ ለኅትመቱም 380,000 ደስታ ያህል ወረቀት ጥቅም ላይ ዋለ። የእነዚያን 16,500 ጸሐፊዎች ስም የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን አጎንብሰው ሲጽፉ ይታዩኛል። ረጅም የስም ዝርዝር በታይፕ መጻፍ ሐሳብን የሚያደነዝዝ ሥራ ነው፤ ከመቶኛው ስም በኋላ ጣት ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ፊደል ስትሳት ማንም አያይም። በምርጫው ዕለት ግን ከስንት ሰዓት መንገድ በኋላ የመጣ ሽማግሌ ያቺ ፊደል ስለተሳተች ብቻ ከምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይመለሳል።

ስለ ሴቶቹ ትእዛዝ ሐሳቤን ያስቀየረኝን ልናገር። ገና በሥራው ላይ አዲስ ሳለሁ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ አበል ጉዳይ ይዛ መጣች። «እናቴ፣ ስምዎ ማን ይባላል?» አልኋት። «የእሱ ባለቤት ነኝ ልጄ፣ በእሱ ስም ፈልግልኝ» አለችኝ። አከበርኋት፤ አላስጨነቅኋትም። አዲሱንም ማኅደር በሟች ስም ከፍቼ፣ ከሥሩ «ባለቤታቸው» ብዬ ጽፌ ወደ መደርደሪያው መለስሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማኅደሩ በሟቾች ማኅደር መካከል ተደባልቆ ከሥራ ላይ ካሉት ፋይሎች ተለየ፤ ሟች ጉዳይ የለውምና። እሷ እየተመላለሰች ትጠይቃለች፤ ተራ ሠራተኞቹ በስሟ ሲፈልጉ አያገኙም፤ በስሟ የተከፈተ ነገር የለም። ስምንት ወር ተንከራተተች። እኔ አክብሮት ያልሁት ነገር በመዝገብ ላይ ሲያርፍ እሷን ማጥፋት ሆኖ ነበር። ያንን ማኅደር ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ሽፋኑን ቀይሬ ስሟን በትልቁ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሴን ትእዛዝ የተመለስሁትና በሌላ ዓይን ያየሁት። «የእገሌ ሚስት» ተብላ የተመዘገበች ሴት በምርጫው ዕለት ማንነቷን በምን ታረጋግጣለች? ባሏ ሁለት ሚስት ቢኖረውስ? እሷን ነኝ ብላ ሌላ ሴት ብትመጣ ማን ይከለክላታል? ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታትስ መራጭነቷ የት ይገባል? ሕገ መንግሥቱ ድምፁን የሰጠው ለእሷ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የእሱ ስም ነው። ነገርን ዝም ብሎ ማሳለፍ ለሚወድ ሹም ነገሩን እንዳለ መተው ቀላል ነበር። የመዝገቡ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ጋዜጣው ያመሰግናል፤ ባሎችም አይቆጡም። ሴን ይህንን መንገድ አልመረጡም። በቢሃር ስማቸውን ለመስጠት ለሚፈልጉ ሴቶች ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ፤ ብዙዎችም ስማቸውን አስመዘገቡ። በሌሎች ቦታዎች ግን፣ በተለይ በራጃስታን፣ ጥረቱ ብዙ ፍሬ አላፈራም። ሴን በስረዛው የተነሣውን ቅሬታ እንኳ በበጎ ነው የተመለከቱት፤ ይህ ልማድ እስከሚቀጥለው ምርጫ እንዲጠፋ ይረዳል ብለው ያምኑ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከተሰረዙት ሴቶች መካከል እስከ 1957 ያልኖሩ እንደሚኖሩ ጥርጥር የለውም፤ ለእነሱ «የሚቀጥለው ምርጫ» የሚባል ነገር አልነበረም። በየደጃፉ የቆመው መዝጋቢ ወንድ በመሆኑ ስሟን የደበቀች ሴት፣ ሴት መዝጋቢ ብትመጣላት ትናገር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያን ያህል ሴት መዝጋቢ በዚያ ዘመን ከየት ይገኛል የሚለው መልስ ለአሳቢ አስተዳዳሪ በቂ ሰበብ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው፦ ትእዛዙ ትክክል ነበር፣ ዋጋው ግን ትክክል ያልሆነ ሰው ላይ አረፈ። የመንግሥት ሥራ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ዋጋውን ከፋዩ ፊርማውን ካሳረፈው ሹም ፊት አይቀርብም።

ከመዝገቡ ቀጥሎ ሳጥኑ ነበር። ማንበብ የማይችል መራጭ የሚፈልገውን ሰው እንዴት ይመርጣል ለሚለው ጥያቄ የተገኘው መልስ፣ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱ የብረት ሳጥን ተዘጋጅቶ፣ የፓርቲው ምልክት እንዲለጠፍበት ማድረግ ነበር። ምልክቶቹ ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ በቀንበር የተጠመዱ ጥንድ በሬዎች፣ ጎጆ፣ የባንያን ዛፍ፣ ኩራዝ። መራጩ ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ፣ ምንም ሳይጽፍበት፣ የአንድ ሩፒ ኖት የምታክለውን ወረቀት በሚፈልገው ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ይህ አሠራር ከሁለት ሚሊዮን ያላነሰ ሳጥን ስለጠየቀ 8,200 ቶን ብረት ፈጀ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥም የሕንድ ሳይንቲስቶች በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ሠሩ፤ 389,816 ብልቃጥ ያህል ቀለምም በመራጮች ጣት ላይ ዋለ። ከምርጫ ጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ወንዝ ማዶ ስለነበሩ ለዚሁ ሲባል ድልድይ ተሠርቷል፤ ለደሴቶቹም መዝገቡ በባሕር ኃይል መርከብ ተልኳል።

የመጀመሪያው ድምፅ የተሰጠው በሂማላያ ተራሮች፣ በሂማቻል ፕራዴሽ ቺኒ በሚባል ወረዳ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1951 ነው። ሌላው አገር ወራት እየቀሩት ቺኒ የቀደመችበት ምክንያት በረዶው መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ሕዝቡ እንዲመርጥ ነው። ለጥቂት የተራራ መንደሮች ሲባል የብሔራዊ ምርጫ የጊዜ ሰሌዳ ተቀይሯል። ከዚህ ሁሉ የቁጥር ክምር ውስጥ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይኸው ነው፤ የቺኒ ሰዎች ድምፅ ከመቶ ሰባ ሚሊዮን ውስጥ ተቆጥሮ የሚታይ አይደለም፣ ሳይመርጡ ቢቀሩም ውጤቱን አይለውጠውም ነበር። ምርጫው ተጠቃሎ ያለቀው በ1952 ፌብሩዋሪ ሲሆን፣ በሕዝብ ምክር ቤቱ 489 መቀመጫዎችና በየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች ላይ በአንድ ጊዜ የተካሄደ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ምርጫው በ1951 ጸደይ እንዲካሄድ ተስፋ ነበራቸው። ፍላጎታቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ሕዝብ ሳይመርጠው የሚያስተዳድር መንግሥት ቶሎ ወደ ሕዝቡ ቢቸኩል መልካም ነው። ሥራው ግን በዚያ ጊዜ አልደረሰም፤ ምርጫው የተጀመረው ከወራት በኋላ ነው። በመንግሥት ሥራ ውስጥ ለበላይ «አልደረሰም» ማለት እጅግ ከባድ ነገር ነው። በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው ብዙ ውድቀቶች የመጡት ተንኮለኛ ሰው ስለነበረ ሳይሆን፣ ያልደረሰውን ነገር «ደርሷል» ብሎ ሪፖርት ያደረገ ትሑት ሰው ስለነበረ ነው። ሴንን በዚህ ረገድ የረዳቸው ጠባያቸው ብቻ አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ 324ኛ አንቀጽ ዋናው ምርጫ ኮሚሽነር ከሥልጣኑ ሊነሣ የሚችለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በሚነሣበት ሥርዓት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ኔህሩ ሊያሰናብቷቸው አይችሉም ነበር። እውነቱን እንዲናገር የምንፈልገውን ሠራተኛ እውነቱን ሲናገር እንዳንጎዳው አስቀድመን በሕግ ማሰር እንዳለብን የሕገ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ተረድተውታል።

በዚያው ዘመን የነበሩ ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ቫፓላ ፓንጉኒ ሜኖን ናቸው። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ በወጣትነታቸው በኮላር የወርቅ ማዕድን ሠርተዋል፤ በመንግሥት ሥራም የጀመሩት ተራ ጸሐፊ ሆነው ነው። በመጨረሻ ግን ከፓቴል ጋር ሆነው በየራሳቸው ልዑላን ይተዳደሩ የነበሩ ከ550 በላይ ግዛቶችን ከሕንድ ጋር በማዋሐድ ሥራ ዋናውን ድርሻ ተወጥተዋል። ሜኖን ያዩትንና የሠሩትን በመጽሐፍ ጽፈው ስለተዉልን ልዑላኑ እንዴት እንደፈረሙ፣ ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንዳለቀሰ እናውቃለን። ሴን የሕይወት ታሪካቸውን አልጻፉም። በ1951 ክረምት ሌሊት ምን እንዳሰቡ፣ ሴቶቹን የሚሰርዘውን ትእዛዝ ሲፈርሙ ተጠራጥረው እንደሆነ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተከራክረው እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ የለም። እኔ ስለ እሳቸው ሳስብ የምመለከተው ሰው የለኝም፤ ያለኝ ሥራው ብቻ ነው።

በ1953 ጎረቤታችን ሱዳን የራሷን አስተዳደር ለመምረጥ ስትዘጋጅ፣ እንግሊዝና ግብፅ በተስማሙት መሠረት ዓለም አቀፍ የምርጫ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሦስት ሱዳናውያን፣ አንድ ግብፃዊ፣ አንድ እንግሊዛዊና አንድ አሜሪካዊ አባላት የነበሩበት ሲሆን ሰብሳቢው ሕንዳዊው ሴን ነበሩ። ከሕንድ ይልቅ ሰፊ ርቀትና ጥቂት ሕዝብ ባለበት አገር የምርጫ ሥርዓት ዘረጉ፤ ምርጫው በዚያው ዓመት ኖቬምበርና ዲሴምበር ተካሄደ፣ ሱዳንም በ1956 ጃንዋሪ 1 ቀን ነጻነቷን አወጀች። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሁለተኛውን የሕንድ ምርጫ በ1957 አስፈጸሙ፤ የመጀመሪያው ምርጫ ሳጥኖች ተጠብቀው ቆይተው ስለነበር ዳግም አገልግለዋል። ሥራቸውን ያስረከቡት በ1958 ዲሴምበር ነው።

ከሴን እጅ ስለ መጀመሪያው ምርጫ የቀረልን ጽሑፍ የምርጫ ኮሚሽኑ ይፋ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የሚናገረው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሪፖርት ነው፤ ስለ ሳጥን፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ምርጫ ጣቢያ። በዚሁ መካከል ስማቸውን ባለመስጠታቸው ከመዝገቡ የተሰረዙት ሴቶች ቁጥር፣ በየትኞቹ ክፍለ ሀገሮች እንደበዛ ሳይቀር፣ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ጊዜ ቁጥሩን ደምሮ የያዘው የሴን መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ባያወጣው ኖሮ፣ እነዚያን ሴቶች ከእኔ ቁጣ ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ነገር አይኖርም ነበር።